ውኃ በአርባ ምንጭ በስንት ዲግሪ ይፈላል? የቤተ ሙከራ መሣሪያዎችና የትክክለኛ ልኬት ትምህርት በጋሞ ዞን

በኬሚስትሪ ትምህርት ጀማሪዎች ከሚሠሯቸው ሙከራዎች መካከል እጅግ ቀላሉ ውኃ አፍልቶ መጠነ ሙቀቱን ማንበብ ነው። ቢከር፣ ማሞቂያ፣ ቴርሞሜትሩን የሚይዝ መቆሚያና ሰዓት ካሉ ሙከራው ይሠራል። አርባ ምንጭ ከተማ ውስጥ ይህን የሚሠራ የተማሪዎች ቡድን ውኃው እየተንፈቀፈቀ ሳለ የቴርሞሜትሩ ፈሳሽ 96 ዲግሪ ሴልሽየስ አካባቢ ደርሶ ሲቆም ያያል። እሳቱ ቢጨመር ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ንባቡ ከፍ አይልም። ተማሪዎቹ ያጠኑት ግን ውኃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ ነው።

በዚህ ጊዜ ተማሪው በደብተሩ የሚያሰፍረው ቁጥር ተራ ነገር አይደለም። 100 ብሎ ቢጽፍ ያላየውን ጽፏል። 98 ወይም 99 ቢል ደግሞ ዓይኑንም መጽሐፉንም ላለማስቀየም ሲል ማንም ያላየውን ቁጥር ፈጥሯል። 96 ብሎ ጽፎ «ቴርሞሜትሩ የተበላሸ ነው» የሚል ማብራሪያ ቢያክልበት ንባቡ እውነት፣ ማብራሪያው ግን ስሕተት ይሆናል። ከሦስቱ የመጨረሻው ይሻላል፤ ያየውን ጽፏልና። ነጥብ የሚሰጠው ለመጽሐፉ ቁጥር ከሆነ ግን ዝቅተኛውን ውጤት የሚያገኘው እርሱ ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ከዚህ ይነሣል። የቤተ ሙከራ መሣሪያ የተሠራበትንና የተስተካከለበትን ቦታ ሁኔታ ይዞ ይመጣል፤ ሙቀቱን፣ የአየር ግፊቱን፣ የመሬት ስበቱን ጭምር። ቆላና ደጋ በአንድ ጠዋት ጉዞ በሚገናኙበት በጋሞ ዞን ደግሞ የእነዚህ ነገሮች ልዩነት በትምህርት ቤት መሣሪያ ሊታይ የሚችል ያህል ነው። በመሆኑም የመሣሪያ ትምህርት ስምና አገልግሎትን ከማስጠናት አልፎ መሣሪያውን በሚሠራበት ቦታ መፈተሽንና ንባቡን ማረምን ማካተት ይኖርበታል።

ሁለት ከፍታ፣ ሁለት የፍል ነጥብ

ውኃ የሚፈላው የተኑ ግፊት በላዩ ካለው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። 100 ዲግሪ የሚባለው ቁጥር የሚሠራው የአየሩ ግፊት 101.325 ኪሎ ፓስካል ሲሆን፣ ማለትም በባሕር ወለል አካባቢ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የሚጠበቀው የአየር ግፊት ወደ 87 ኪሎ ፓስካል ስለሆነ ውኃው 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከከተማዋ ወደ ሰሜን፣ ተራራውን ወጥቶ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የምትገኘው ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት። እዚያ ግፊቱ ወደ 73 ኪሎ ፓስካል፣ የውኃው የፍል ነጥብም ወደ 91 ዲግሪ ይወርዳል። በሻጋታ ስሌት በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ የሚጠጋ ቅናሽ አለ ማለት ነው። በደጋ ምግብ የሚያበስሉ እናቶች ይህን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል፤ ባቄላውና ሽንብራው ከቆላው ይልቅ ረጅም ጊዜ ይፈጅባቸዋል።

ጉዳዩ ከአንድ ደብተር ስሕተት በላይ የሚሆነው መሣሪያ ሲመረጥ ነው። አንድ መምህር በእጃቸው ካሉት ሁለት ቴርሞሜትሮች ደህናውን ለመለየት ሁለቱንም በሚፈላ ውኃ ውስጥ ቢከቱ እንበል። አንደኛው 96፣ ሌላኛው 100 አነበበ። ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል በሚለው መለኪያ ከተፈረደ፣ የሚጣለው ደህናው፣ የሚቀመጠው ደግሞ 4 ዲግሪ ከፍ አድርጎ የሚያነበው ይሆናል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል የሚሠራ ማንኛውም የሙቀት ልኬት፣ የሟሟነት ግራፍም ይሁን የአጸግብሮት ፍጥነት ጥናት፣ ያንን 4 ዲግሪ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ማንም አይጠረጥረውም፤ ምክንያቱም መሣሪያው «ተፈትሾ» ተመርጧል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በረዶ የሚቀልጥበት መጠነ ሙቀት ከአየር ግፊት ጋር የሚለዋወጠው እጅግ ጥቂት በመሆኑ በአርባ ምንጭም በጨንቻም 0 ዲግሪ ነው ብሎ መውሰድ ይቻላል። ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ በረዶ ለስላሳ መጠጥ ወይም ዓሣ ከሚያቀዘቅዙ ሱቆች ይገኛል። በረዶው ተሰባብሮ ከጥቂት የተጣራ ውኃ ጋር ይደባለቃል፤ ቴርሞሜትሩ ይነከራል፤ እየተማሰለ ንባቡ እስኪረጋ ይጠበቃል። ቴርሞሜትሩ በበረዶው ውስጥ 0.5፣ በሚፈላው ውኃ ውስጥ ደግሞ 96.5 ካነበበ፣ በቦታው የሚጠበቀው የፍል ነጥብም 96.0 ከሆነ፣ መሣሪያው በሁለቱም ጫፍ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ከፍ አድርጎ ያነባል። ተማሪው ከእያንዳንዱ ንባብ 0.5 ይቀንሳል። መጽሐፉን ብቻ ይዞ የተነሣ ተማሪ ግን ይህንኑ መሣሪያ 3.5 ዲግሪ ዝቅ ያደርጋል ብሎ ይፈርድበታል፤ እርማቱን በተቃራኒው አቅጣጫ ይሠራል፤ ሲያርም ያበላሻል።

በመሣሪያው ላይ የተጻፈው

የመሣሪያ ትምህርት በአብዛኛው በሥዕል ይጀምራል። ተማሪው ከቢከሩ ሥዕል ሥር «ቢከር»፣ ከፒፔቱ ሥር «ፒፔት» ብሎ ይጽፋል፤ ለፈተና ይህ ይበቃዋል። ዕቃው ራሱ ግን በሥዕሉ ላይ የማይታይ ጽሑፍ አለበት። በአንድ የ25 ሚሊ ሊትር ፒፔት ላይ ከይዘቱ ቀጥሎ 20 ዲግሪ ሴልሽየስ የሚል፣ የጥራት ደረጃውን የሚያመለክት የ«ኤ» ወይም የ«ቢ» ፊደል፣ የሚፈቀደው የስሕተት ወሰን (ለኤ ደረጃ 0.03 ሚሊ ሊትር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች) እና ፈሳሹ ሲለቀቅ የሚወጣው መጠን የተለካ መሆኑን የሚናገር ምልክት ይገኛል። የመጨረሻው ምልክት በጫፉ ላይ የምትቀረዋን ጠብታ ይመለከታል። ጠብታዋ ከልኬቱ ውጪ አስቀድማ ታስባለች፤ ጫፉን የፍላስኩን ግድግዳ አስነክቶ መጠበቅ እንጂ ነፍቶ ማስወጣት ትርፍ መጨመር ነው። ነፍቶ ማስወጣት የሚጠይቁ ፒፔቶችም ስላሉ ምልክቱን ማንበብ ግድ ነው። ፈሳሽ በአፍ መሳብ በምንም ሁኔታ አይፈቀድም፤ የጎማ መሳቢያ በሌለበት በጎማ ቱቦ የተገጠመ መርፌ አልባ ሲሪንጅ ሥራውን ይሠራል።

የስሕተት ወሰኖቹን ማነጻጸር ስለ መሣሪያዎቹ ከማንኛውም ትርጓሜ የበለጠ ያስተምራል። የኤ ደረጃ 50 ሚሊ ሊትር ቡሬት ወሰኑ 0.05 ሚሊ ሊትር ነው። የ100 ሚሊ ሊትር ቮልዩሜትሪክ ፍላስክ 0.1፣ ተመሳሳይ ይዘት ያለው የቢ ደረጃ የመለኪያ ሲሊንደር 1 ሚሊ ሊትር ነው። የቢከር ጭረቶች ደግሞ ለግምት ብቻ የተሰመሩ ሲሆኑ ከመቶ 5 እና ከዚያም በላይ ሊስቱ ይችላሉ። ይህን የተገነዘበ ተማሪ «100 ሚሊ ሊትር በቢከር ለካሁ» ከማለት ይቆጠባል፤ ቢከር መያዣ እንጂ መለኪያ አይደለምና።

20 ዲግሪ የሚለው ጽሑፍ የተለየ ትኩረት ይሻል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የመስታወት መለኪያዎችን መነሻ መጠነ ሙቀት 20 ዲግሪ አድርጎ ሲወስን፣ ለሞቃት አገሮች 27 ዲግሪ በአማራጭነት እንዲያዝ ፈቅዷል። ለትምህርት ቤት የሚገዛ ዕቃ ግን ባለ 20 ዲግሪው ነው። የአርባ ምንጭ ክፍል በቀትር 30 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ የጨንቻ ክፍል በጠዋት 15 ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። መስታወቱ ራሱ በዚህ ልዩነት የሚሰፋው እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ የሚሰፋው ውኃው ነው። የውኃ እፍጋት በ15 ዲግሪ 0.9991፣ በ20 ዲግሪ 0.9982፣ በ30 ዲግሪ 0.9957 ግራም በሚሊ ሊትር ነው። በጨንቻ ጠዋት የተዘጋጀ መደበኛ ሙሙት አርባ ምንጭ ወርዶ በቀትር ጥቅም ላይ ቢውል፣ ይዘቱ በመስፋቱ ብቻ በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ያለው ቁስ ከመቶ 0.35 ያህል ይቀንሳል። ሙሙቱ በተዘጋጀበት ሙቀት ከተለካ ግን ይህ ችግር አይኖርም፤ ስለዚህ ዋናው ነገር ክፍሉን ማቀዝቀዝ ሳይሆን የተዘጋጀበትን መጠነ ሙቀት በጠርሙሱ ላይ መጻፍ ነው።

ሚዛንና ስበት

የጋሞ ደጋ የሸማ አገር ነው። ዶርዜ በሽመናዋ የታወቀች ናት፤ በሸማ ንግድ ክንድና ስንዝር የቆዩ መለኪያዎች ናቸው። የክንድ ችግር ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ የረጅም ሰው ክንድና የአጭር ሰው ክንድ እኩል አይደለም። ገበያ ላይ በጣሳ ገብስ የምትሸጥ ሴት ጣሳዋ ልሙጥ ይሁን ቁልል አስቀድማ ትስማማለች። ይህ ሁሉ ተማሪው ከቤቱ ይዞት የሚመጣው የልኬት ዕውቀት ነው፤ መለኪያው ራሱ መመዘን እንዳለበት ሳይማር ያውቃል። ቤተ ሙከራ ሲገባ ግን፣ ቁጥሩ በመብራት ተጽፎ ስለሚታይ፣ ዲጂታል ሚዛንን ሳይጠረጥር ያምናል።

ዲጂታል ሚዛን በቀጥታ የሚለካው በዕቃው ላይ የሚያርፈውን የስበት ኃይል ነው፤ ግራም የሚለውን ቁጥር የሚሰጠው የተስተካከለበትን ቦታ ስበት ተማምኖ ነው። የመሬት ስበት ደግሞ በኬክሮስና በከፍታ ይለያያል። በ45 ዲግሪ ኬክሮስ በባሕር ወለል አካባቢ ወደ 9.806 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሲሆን፣ በ6ኛው ዲግሪ ሰሜን አካባቢ በምትገኘው አርባ ምንጭ ወደ 9.778 ይጠጋል። ልዩነቱ ከመቶ 0.3 ያህል ነው። አውሮፓ ውስጥ ተስተካክሎ፣ ታሽጎ፣ አርባ ምንጭ ደርሶ ዳግም ሳይስተካከል የተከፈተ ሚዛን የ100 ግራሙን መደበኛ ክብደት 99.7 ግራም ገደማ አድርጎ ያሳያል። ሚዛኑ አልተበላሸም፤ የሚናገረው ስለ ሌላ አገር ስበት ነው። የራሱ የውስጥ ማስተካከያ ክብደት ያለው ሚዛን ይህን በራሱ ያርማል፤ ሌላው ግን የታወቀ መደበኛ ክብደት ይፈልጋል። የሚፈለገው አንድ ጊዜ ተረጋግጦ በጥንቃቄ የተያዘ የ100 ግራም ክብደት ነው። የማረጋገጡን ሥራ በአገር ደረጃ የሚሠራው አዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ነው።

ባለ ሁለት ገበታው ጥንታዊ ሚዛን በዚህ ረገድ ከዲጂታሉ ይበልጣል። ዕቃውንና ክብደቱን በአንድ ስበት ሥር ስለሚያወዳድር በአርባ ምንጭም በጨንቻም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል። በየትምህርት ቤቱ መጋዘን አቧራ የለበሱ እንዲህ ያሉ ሚዛኖች ካሉ ከመጣላቸው በፊት ይህ ቢታሰብ መልካም ነው።

ሚዛንና ፒፔት ሲገናኙ አንድ ክፍለ ጊዜ የሚሞላ ትምህርት ይገኛል። ተማሪዎች ባዶ ባለ ክዳን ጠርሙስ ይመዝናሉ፤ በ25 ሚሊ ሊትር ፒፔት የተጣራ ውኃ ይጨምሩበታል፤ እንደገና ይመዝናሉ። አብዛኛው ተማሪ 25.00 ግራም ይጠብቃል። በ30 ዲግሪ ግን ትክክለኛው 25.00 ሚሊ ሊትር በሚዛን ላይ የሚመዝነው 24.87 ግራም ገደማ ነው፤ የውኃው እፍጋት በመቀነሱና አየሩ ውኃውን በጥቂቱ ወደ ላይ ስለሚያነሣው ነው። ይህን ያላሰበ ተማሪ ፒፔቱ 0.13 ሚሊ ሊትር ይጎድለዋል ብሎ ያምናል፤ የስሕተት ወሰኑ 0.03 የሆነውን ዕቃ በአራት እጥፍ ስሕተት ይከሰዋል። ሚዛኑም ሳይስተካከል ቀርቶ ከሆነ ንባቡ ወደ 24.80 ይወርዳል። እንግዲህ ከመቶ 0.8 የሚሆን ጉድለት ታየ፤ ተማሪው አላጠፋም፤ ፒፔቱም አላጠፋም። ጉድለቱን ለሙቀቱ፣ ለአየሩና ለስበቱ አከፋፍሎ ማስረዳት የቻለ ተማሪ መሣሪያውን አውቆታል ማለት ይቻላል።

ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲመዘን ሌላ ነገር ይታያል። እርጥበት ባለው አየር የሚዛኑ ቁጥር ቀስ እያለ ይጨምራል፤ ፍሬዎቹ ከአየር ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳቡ ነው። 4.00 ግራም መዝኖ ወደ 1 ሊትር ማሟላት 0.100 ሞላር ሙሙት አይሰጥም፤ ወደዚያ የሚጠጋ ብቻ ይሰጣል። ትክክለኛው ጥንካሬ የሚታወቀው ደርቆ በተመዘነ መደበኛ አሲድ ሲፈተሽ ነው።

ቡሬትና ዓይን

በሚዛንና በፒፔት የታዩት ልዩነቶች ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። በታይትሬሽን ክፍለ ጊዜ የሚሠሩ የእጅና የዓይን ስሕተቶች ከእነዚህ ሊበልጡ ይችላሉ፤ መምህሩ ስለ ስበት አስተምሮ ስለ ቡሬት አጠባ ቢዘነጋ ትልቁን ትቶ ትንሹን ማሳደድ ይሆንበታል። በተጣራ ውኃ ታጥቦ፣ በሚሞላበት ሙሙት ሳይለቀለቅ የተሞላ ቡሬት 1 ሚሊ ሊትር ውኃ ቢቀርበት የ50 ሚሊ ሊትሩ ጥንካሬ ከመቶ 2 ይቀንሳል። 24.10 መሆን የነበረበት ንባብ 24.60 አካባቢ ይመጣል። በተቃራኒው አሲዱ የሚቀበልበት ሾጣጣ ፍላስክ በተጣራ ውኃ ብቻ መታጠብ አለበት፤ በሙሙቱ ከተለቀለቀ ያልተለካ አሲድ ይተርፍበታል። ተማሪው ሁለቱን ሕጎች እንደ ትእዛዝ ብቻ ከሸመደዳቸው ያምታታቸዋል። ከየትኛው ዕቃ የሚወጣው መጠን እንደተለካ ከጠየቀ ግን አይስትም።

የቡሬት ጫፍ ላይ የቀረ የአየር አረፋ፣ በአፉ ላይ የተረሳ ፈነል ብዙ ተጽፎባቸዋል። የዓይን አቀማመጥ ግን ከሚነገርለት በላይ ረቂቅ ነው። የውኃ ሙሙት ገጽ በመስታወት ቱቦ ውስጥ ጎድጉዶ ስለሚታይ የሚነበበው ከታችኛው ጫፉ ነው፤ ዓይንም ከዚያው ጋር መስተካከል አለበት። ከላይ ወደ ታች የሚያይ ዓይን ከፊት ለፊቱ የሚያገኘው ጭረት ከእውነተኛው ከፍ ያለውን ነው። በመለኪያ ሲሊንደር ቁጥሩ ወደ ላይ ስለሚጨምር ንባቡ ይበዛል፤ በቡሬት ወደ ታች ስለሚጨምር ንባቡ ያንሳል። በታይትሬሽን የመጀመሪያው ንባብ የሚወሰደው ቡሬቱ አናት ላይ ስለሆነ አጭር ተማሪ ከታች አንጋጦ ያነባል፤ ቁጥሩም ከእውነቱ ይበልጣል። የመጨረሻውን ዝቅ ብሎ ሳይሆን ቆሞ ከላይ ካነበበ ቁጥሩ ያንሳል። ሁለቱ ሲቀናነሱ ስሕተቶቹ አይጣፉም፤ ይደመራሉ። መፍትሔው ጠንካራ በርጩማና ከቡሬቱ ጀርባ የሚያዝ ነጭ ካርድ ነው።

የአካባቢው ውኃ ለዚህ ትምህርት ምቹ ናሙና ይሰጣል። ከተማዋን ስሟን ከሰጧት ምንጮች የሚቀዳ ንጹሕ ውኃና የአባያ ሐይቅ ደለል ያቀላው ውኃ ለአልካላይነት ልኬት ጎን ለጎን ሊቀርቡ ይችላሉ። የአመልካቹ ቀለም በምንጩ ውኃ ላይ ጎልቶ ሲታይ በአባያው ላይ ከደለሉ ቀለም ጋር ይምታታል። ማጥለል ይረዳል፤ እጅግ ደቃቁ ጭቃ ግን የማጥለያ ወረቀቱንም ያልፋል። እዚህ ላይ ተማሪው ቀለም የማይፈልግ ሌላ መለኪያ፣ የፒኤች ሜትር፣ ለምን እንደተፈለሰፈ ራሱ ይደርስበታል።

«ልክ» የሚለው ቃል

በጋሞ ዞን ያለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤቱ ጋሞኛ፣ ገበያ አማርኛ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ይሰማል። በአማርኛ «ልክ» የሚለው ቃል መጠንንም እውነተኛነትንም በአንድ ላይ ይይዛል፤ «የልብሱ ልክ» እንደሚባለው ሁሉ «ልክ ነህ» ይባላል። ይህ የቋንቋው ውበት ነው፤ በቤተ ሙከራ ግን ወጥመድ ይሆናል። የተማሪው ልኬት ከመጽሐፉ ጋር ሲገጥም «ልክ ነህ» የሚባል ከሆነ፣ ልኬት ማለት መግጠም ይመስለዋል።

ሁለት ነገሮችን ለይቶ መሰየም ያስፈልጋል። የተደጋገሙ ንባቦች እርስ በርስ ሲቀራረቡ ተቀራራቢነት አላቸው፤ አማካያቸው ወደ እውነተኛው ዋጋ ሲጠጋ ትክክለኛነት አላቸው። በውኃ የቀጠነው ቡሬት 24.60፣ 24.65፣ 24.60 ሚሊ ሊትር ሊሰጥ ይችላል፤ ተቀራራቢነቱ መልካም፣ ትክክለኛነቱ ደካማ ነው። ድግግሞሽ የመጀመሪያውን ድክመት እንጂ ሁለተኛውን አያጋልጥም። ሁለተኛውን የሚያጋልጠው አስቀድሞ ከታወቀ መደበኛ ጋር ማነጻጸር ብቻ ነው። 24.60፣ 24.60፣ 24.60 የሚል ደብተር ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ እጅ እንዲህ አይደገምም።

እንዲህ ያለው ደብተር የሚበዛው የውጤት አሰጣጡ ሲጋብዘው ነው። ከ10 ነጥብ 8ቱ ለመጨረሻው ቁጥር ከተሰጠ ተማሪው ቁጥሩን ከጎረቤቱ ይወስዳል። ይልቁንስ ነጥቡ በብዛት ለጥሬ ንባቡ (በእስክሪብቶ ተጽፎ፣ ሲታረም በአንድ መስመር ተሰርዞ)፣ ለመሣሪያው ደረጃና የስሕተት ወሰን መመዝገብ፣ ለክፍሉ መጠነ ሙቀት፣ ልዩነቱን ለማስረዳት ለተደረገው ሙከራ ቢሆን 96 የጻፈው ተማሪ አይቀጣም። በቡሬት 24.6 እና 24.60 መካከል ያለው ልዩነትም ትርጉም የሚኖረው ያኔ ነው፤ የኋለኛው ንባቡ በሁለት ጭረቶች መካከል ተገምቶ መወሰዱን ይናገራል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለትምህርት ቤት ይበዛል የሚል መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። የአካባቢው ሁኔታ ግን ይህን አይደግፍም። አርባ ምንጭ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተመሠረተባት፣ ኢንስቲትዩቱም በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገባት ከተማ ናት፤ ከአካባቢው ትምህርት ቤቶች ከሚወጡ ተማሪዎች ከፊሎቹ የውኃ ጥራት የሚለኩ ባለሙያዎች ይሆናሉ። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ የታወቀ ችግር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከፍተኛ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። አንድ የጉድጓድ ናሙና 1.4 ቢያሳይና የልኬቱ የጥርጥር ወሰን 0.1 ቢሆን እውነተኛው ዋጋ ቢበዛ 1.5 ነው። ወሰኑ 0.2 ከሆነ ግን 1.6 ሊሆን ይችላል፤ ጉድጓዱ ይከፈት ወይስ ይዘጋ የሚለው ጥያቄ በዚያው ቁጥር አይመለስም። የጥርጥር ወሰኑ ያልተጻፈበት 1.4 ደግሞ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ መስሎ ይቀርባል። ውኃው ልጆች ጥርሳቸውና አጥንታቸው እየጠና ባለበት ዕድሜ የሚጠጡት ነው።

ለመምህራን ማሠልጠኛም ሆነ ለሳይንስ ክበብ የሚስማማው የጋራ ሥራ የአርባ ምንጭና የጨንቻ ጥምር ልኬት ነው። በበረዶ የተፈተሸ አንድ ቴርሞሜትር፣ አርባ ምንጭ ላይ የተስተካከለ፣ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ አንድ ሚዛንና አንድ የ100 ግራም መደበኛ ክብደት ይዘጋጃሉ። ተማሪዎቹ ከመነሣታቸው በፊት ጨንቻ ላይ የሚጠብቋቸውን ሁለት ቁጥሮች አስልተው በደብተራቸው ይጽፋሉ፤ ለፍል ነጥቡ ወደ 91 ዲግሪ፣ ለክብደቱ ከ100.00 ግራም በ3 ወይም በ4 መቶኛ ግራም ያነሰ ንባብ። ከዚያ ዕቃው ተጠቅልሎ ተራራውን ይወጣል። ጨንቻ ላይ ሚዛኑ በጠንካራ ጠረጴዛ፣ ነፋስ በማይነካው ቦታ ይቀመጣል፤ የውኃ ልኩ ይስተካከላል፤ ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪላመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። የማስተካከያው ቁልፍ ግን አይነካም። አስቀድሞ ክብደቱ ይቀመጣል፤ ንባቡ አምስት ጊዜ ይወሰዳል፤ እያንዳንዱም ከቦታው ስም፣ ከከፍታውና ከክፍሉ መጠነ ሙቀት ጋር ይጻፋል። ሚዛኑ ለጨንቻ የሚስተካከለው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቁጥሩ ወደ 100.00 ሲመለስም በዚያው ገጽ፣ ከመጀመሪያዎቹ ንባቦች ሥር ይሰፍራል።